የአንጋፋ አሰልጣኞች ቡድን፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ያበላሸሁትና ያገኘሁት

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ከሐዋሳ ደወለችልኝ። እሷም እንደኛው የጤና ስልጠና የምትሰጥ ናት። «እንደናንተ ያለ የአንጋፋ አሰልጣኞች ቡድን ልንጀምር ነውና መተዳደሪያ ደንባችሁን በቴሌግራም ላኪልኝ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ደንብ ነበረን። አራት ገጽ፣ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው። ከፍተን ካነበብነው ግን ሁለት ዓመት አለፈው። ደንቡ ምንም አይጠቅምሽም፣ ይልቅ የሆነውን ልጻፍልሽ አልኳት። ስጽፈው ረዘመ። ሌላም ሰው እንዳይደክም ብዬ ለሁሉም አደረግኩት።

ሥራውን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የልብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ለስድስት ሳምንት። የሚመሯቸው ሁለት አስተባባሪዎች ናቸው፤ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ራሱ ከበሽታው ጋር የሚኖር ሰው ነው። ስለ መድኃኒት መጠን ማንም ለማንም አያዝም፣ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። እዚያ የሚሠራው ከሐኪሙ ቤት ከወጡ በኋላ ያለው ኑሮ ነው፦ ድካሙ፣ ንዴቱ፣ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ለሐኪም እንዴት ጥያቄ እንደሚጠየቅ፣ ሳምንቱ እንዴት እንደሚታቀድ። እነዚህን አስተባባሪዎች የሚያሰለጥን አሰልጣኝ አለ። ያንን አሰልጣኝ ደግሞ የሚያሰለጥን አለ። እኛ እነዚያ የመጨረሻዎቹ ነን፤ ቡድኑም እኛው በወር አንዴ ተሰብስበን ስለ ሥራችን የምንነጋገርበት ነው። «አንጋፋ» ሲሉን ደስ ይላል፤ ትርጉሙ ግን ከኛ በላይ የሚያየን ሰው የለም ማለት ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኬት ሎሪግ የምትባል ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር በመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ጀመረችው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ያገኙት ነገር ነው። ሰዎቹ ተሻላቸው፣ ጥሩ። ግን ለምን ተሻላቸው ተብሎ ሲፈተሽ፣ ስፖርቱን አብዝተው የሠሩት ሁሉ ይበልጥ የተሻላቸው ሆነው አልተገኙም። ከመሻሉ ጋር አብሮ የሄደው «ይህንን ነገር እችለዋለሁ» የሚለው የውስጥ እምነት ነበር። እዚያው ስታንፎርድ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ስለዚህ እምነት ብዙ ሠርቷል፤ ሰው ይህን እምነት የሚያገኘው በትንሹ ሞክሮ ሲሳካለትና እንደሱ ያለ ሰው ሲያደርገው ሲያይ ነው ይላል። ለዚህ ነው ስልጠናው ውስጥ ሳምንታዊ ዕቅዷ እንደ ዓይን ብሌን የምትጠበቀው። ምን ላደርግ ነው፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ ስንት ቀን። ከዚያ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ትተማመናለህ ይባላል። ከሰባት በታች ከሆነ ዕቅዱ ይስተካከላል እንጂ ሰውየው አይገሠጽም።

ይህን ያነሳሁት በኋላ እመለስበታለሁና ነው።

ቡድኑን የጀመርኩት በ2015 ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ስኳር ከያዘኝ 17 ዓመቴ ነው። እንደ ተሳታፊ ገባሁ፣ አስተባባሪ ሆንኩ፣ እያልኩ እያልኩ የአሰልጣኞች አሰልጣኝ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከስልጠና ስወጣ፣ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ዛሬ ጥሩ ነበርኩ ወይስ መጥፎ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልስ የለኝም። ሰልጣኞች እንደሆኑ ሁሌም «በጣም ደስ የሚል ስልጠና ነበር» ብለው ነው ፎርም የሚሞሉት፤ ምሳው ጥሩ ከሆነማ በተለይ። ታዲያ ማን ይንገረኝ? እንደኔ ያለ ሰው ነዋ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ፒያሳ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ነበር። 14 ሰው መጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለካ አንዱ «ትራንስፖርት አለው» ብሎ አስወርቶልኝ ኖሯል። ሁለተኛው ላይ 5 ሰው መጣ። በዚያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ማጣሪያ አላገኝም ነበር። ከተማችን ውስጥ ስልጠናና አበል እንደ ዓይንና ቅንድብ ናቸው፣ ሰው አልፈርድበትም፣ ታክሲውም ምሳውም ገንዘብ ነው። ግን አበል ያለበት ቦታ ሰው አበሉን ለሚከፍለው ይናገራል። እኛ በተቃራኒው እናዋጣለን። መቶ መቶ ብር፣ ለቡናና ለቆሎ። ያረፈደ 20 ብር ይቀጣል፣ እንደ እድር። አሁን 8 ነን፤ ከ9 በላይ እንዲሆን አንፈልግም፣ ምክንያቱም ከዚያ ካለፈ ሁለት ሰው ሳይናገር ይሄዳል፣ የሚሄዱትም ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። የፕሮግራም ኃላፊ የሆነ ሰው አስገባሁ። ቅን ሰው ነው፣ ሊያግዘን ፈልጎ ነው፣ አዳራሽም እሱ ነበር የሚያስፈቅድልን። ነገር ግን ማን የትኛውን ስልጠና እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው። አምስት ወር ሙሉ አንድም ሰው አንድም ችግር አላነሳም። ሁሉም «ተሳክቷል»፣ «በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል»፣ ሪፖርት በሪፖርት ሆነ። እኔ ደግሞ ምን ያህል ጎበዞች ሰበሰብኩ እያልኩ እኮራለሁ። አንድ ቀን እሱ ቀረ። በዚያው ቀን፣ ገና ቡናው ሳይፈላ፣ ሦስት ሰው ስልጠና ላይ የደረሰበትን ውርደት አወራ። ያኔ ገባኝ። ቡና ጋብዤ በትሕትና አስረዳሁት፣ ትንሽ ከፋው፣ አዳራሹም ከዚያ በኋላ «ተይዟል» ሆነ። ይሁን። ለሐዋሳዋ ልጅ መጀመሪያ የነገርኳት ይህን ነው፦ የማንንም እንጀራ የሚቆርጥ ወይም የሚቀጥል ሰው ቡድኑ ውስጥ አይግባ፣ ወንድምሽም ቢሆን።

በ2016 ፒያሳ ስትፈርስ ካፌውም አብሮ ሄደ። ለሦስት ወር ያህል ተንከራተትን፣ አንዴ ስታዲየም አካባቢ ጫጫታ ውስጥ፣ አንዴ ለገሃር በአንድ ሰው ቢሮ፣ አንዴማ ዝናብ ሲያባርረን ሕንፃ ሥር ቆመን ነው የተወያየነው። በመጨረሻ አንዷ አባላችን አራት ኪሎ ያለ የእድራቸውን ቤት ለመነችልን። የእድር ወንበር ታውቁታላችሁ፣ ወገብ ይጨርሳል፣ ግን ማንም አያስወጣንም። በወሩ ሦስተኛ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10። ቦታውን አንቀያይርም፣ ሰዓቱንም። «ለሁሉም የሚመች ቀን እንፈልግ» የምትል ነገር ቡድን ትገድላለች፤ ለሁሉም የሚመች ቀን አዲስ አበባ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

2017፣ ዐቢይ ጾም፣ ቅዳሜ። ከመካከላችን ትልቁ ጋሼ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ይወጋሉ። በጾም ጊዜ ስኳር ያለበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን እንዴት እንደሚያማክር፣ ለንስሐ አባቱ እንዴት እንደሚናገር፣ ይህንን ክፍል እንደሳቸው የሚያስተምር አላየሁም። እኔ ራሴ ከሳቸው ሰርቄ ነው የማስተምረው። የዚያን ቀን ታዲያ ውይይቱ ሞቅ ብሎ፣ 9 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ጋሼ በማይሆን ነገር ይቆጡ ጀመር። ቃላቸው ይንተባተባል። ተናደዋል ብለን ዝም አልን። አስቡት፣ ስምንት ሰው፣ ሁላችንም ይህንን የስኳር ማነስ ምልክት ለዓመታት በፍሊፕ ቻርት ላይ ስንጽፍ የኖርን፣ «ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ቁጣ» እያልን ያስተማርን ሰዎች፣ ዓይናችን እያየ ሽማግሌ አከብራለሁ ብለን ቁጭ። ሲስተር ናቸው የነቁት። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ 40 ዓመት ያህል የሠሩ። ግንባራቸውን ዳሰስ አድርገው «ይኼ ላብ ነው» አሉ፣ የስኳር መለኪያቸውን ከቦርሳ አወጡ። 48። ከ70 በታች ዝቅ ማለት ነው፣ 48 ደግሞ ጨዋታ አይደለም።

ስኳር ለቡናችን ነበረን። ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ሲስተር ሰዓታቸውን እያዩ 15 ደቂቃ አስቆጠሩን፣ እንደገና ለኩ፣ 83። ከዚያ ዳቦ ተሰጣቸው። ጋሼ ወደ ራሳቸው ሲመለሱ መጀመሪያ የተናገሩት «ሰዓቱን ነው የገደፍኩት እንጂ ጾሙን አልገደፍኩም» ነው። ሳቅን፣ ከድንጋጤም ጭምር ነው። ከዚያ ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ ደግሞ አወጡት፦ ለዓመታት በጾም ጊዜ የመርፌውን መጠን በግምት ራሳቸው እየቀነሱ ይወጉ ነበር፣ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ፣ ቅዳሜንም ጨምረው። ለሐኪማቸው አልነገሩም። የንስሐ አባታቸው እንዳይጾሙ ከፈቀዱላቸው ቆይቷል። ለምን ሲባሉ «ለሌላው ቀላል ነው። እኔ ግን የስኳር አስተማሪ ነኝ። ሐኪሙ ጋ ሄጄ እኔም አልቻልኩም እንዴት እላለሁ? ባለ መድኃኒት ሆይ ራስህን ፈውስ ይለኛላ» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም በዚያው ሰሞን የሦስት ወር አማካይ የስኳር ምርመራዬ 9.4 ወጥቶ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ይዤ ነበር። ለብዙዎቻችን ከ7 በታች ይሁን እያልኩ የማስተምረው እኔ። ለባሌ እንኳ አላሳየሁም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ። አወጣሁትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሌላዋ ደግሞ የግፊት መድኃኒቷን ከጀመረች ጀምሮ በወር ቢያንስ ሳምንት እንደምትዘል ተናገረች። ልጁ (34 ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት፣ እኛ ሁላችን «ልጁ» ነው የምንለው) መንፊያውን ሴት ልጅ ፊት እንደማያወጣ ነገረን።

እዚህ ላይ ነው ከላይ ያነሳሁት ነገር የሚመጣው። የኛ ሰልጣኞች «እችላለሁ» የሚለውን የሚያገኙት እንደነሱ ያለ ሰው ሲታገል አይተው ነው። ትግሉን ነው የሚያዩት፣ ድሉን ብቻ አይደለም። እኛ ግን ደረጃ በወጣን ቁጥር ትግሉን ደብቀን ድሉን ብቻ ይዘን መጓዝ ጀመርን። ምሳሌ መሆን ከበደንና መምሰል ጀመርን። ይህ በሽታ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። አሰልጣኙ ሲደብቅ አስተባባሪው ይደብቃል፣ አስተባባሪው ሲደብቅ ተሳታፊው ዕቅዱን ሳያደርግ «አድርጌያለሁ» ይላል። እኔ ከዚያ ቀን በፊት የቡድኑ ሥራ የአሠልጣጠን ዘዴ ማሻሻል ይመስለኝ ነበር። አሁን ቡድኑ የሚያስፈልገው በዋናነት አንጋፋው ሰው በወር ሁለት ሰዓት እንደገና ተሳታፊ የሚሆንበት ቦታ እንዲኖረው ነው እላለሁ። ዘዴው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ከዚያ ወዲህ ስብሰባችን እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ሁላችንም ያለፈውን ወር የራሳችንን ዕቅድ እንናገራለን፣ ለሰው አንድ ደቂቃ፣ አደረግኩ ወይ አላደረግኩም። ምክንያት መደርደር የለም። ሰልጣኝ ላይ የምንከለክለውን ምክንያት ድርደራ እኛ እንዴት እንደምንወደው ብታዩ! ከዚያ ዕጣ ይወጣል። እቁብ ነው በሉት። ስም በወረቀት፣ በቡና ሲኒ ውስጥ። ዕጣ የደረሰው ሰው አርባ ደቂቃ የሱ ነው፤ በዚያ ወር ስልጠና ላይ የተበላሸበትን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ይዞ ይመጣል። የባሰበት ካለ እንደ እቁብ ዕጣውን ለምኖ ይወስዳል። ዕጣ የሆነበት ምክንያት አለው፤ በፈቃደኝነት ሲሆን ሁልጊዜ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ በተራ ሲሆን ደግሞ ሰው ተራው ሲደርስ ይቀራል። ሲኒ ውስጥ የወጣ ስም ግን እግዜር የሰጠው ነው፣ ማንም አይከራከርም።

በዚያ አርባ ደቂቃ የመጀመሪያዋ አሥር ደቂቃ ለጥያቄ ብቻ ናት። ምክር የለም። ይህች ሕግ ለኛ ለአሰልጣኞች ስቅላት ናት፤ መምከር ደማችን ውስጥ ገብቷል። አንዳንዱ ምክሩን በጥያቄ ልብስ አልብሶ ያመጣዋል፦ «ለምን እንዲህ አላደረግሽም?» ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ያስቀጣል፣ 20 ብር።

የኔን ልንገራችሁ። አስተባባሪዎችን ሳሰለጥን አንድ ሰውዬ እጁን አወጣና «ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ምን እንበለው?» አለ። እኔ ተነሳሁ። ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ መድኃኒት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን፣ ሁሉንም። ስጨርስ አዳራሹ አቀርቅሯል። ይህንን ዕጣዬ ላይ ሳመጣ በልቤ «ልክ ነሽ፣ ሰዎቹ ናቸው ያልገባቸው» እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ልጁ ነው የጠየቀኝ። ዛሬም አንቱ ነው የሚለኝ። «እትዬ፣ ሰውየው የሚያውቁት ሰው ጸበል ገብቶ ነው ወይስ እሳቸው ናቸው የሚገቡት?» አለኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አልጠየቅኩትም። ሃያ ደቂቃ ሳወራ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም። በማግሥቱ ደወልኩለት። ሰውየው ራሱ ነው፣ ግፊት አለበት፣ ከሚስቱ ጋር እንጦጦ ሊወጣ ለሁለት ሳምንት። መድኃኒቱን ማቆም አልፈለገም፣ የቸገረው እዚያ ሰው ሲያይ ምን ይለኛል የሚለው ነው። ያን ያህል ቀላል ነበር። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ቤት ሊውጠው፣ የቀረውን ደግሞ ሚስቱ ልትይዝለት ተስማሙ። እኔ መከርኩት? አልመከርኩትም። ስትጠይቁት ሰው መልሱ አብሮት ነው ያለው።

ከዕጣው በኋላ ከስልጠናው ማኑዋል አንድ ገጽ ጮክ ብለን እናነባለን። አዎ፣ በቃላችን የምናውቀውን። መጀመሪያ ሲስተር «ልጅ አደረጋችሁኝ» ብለው ተቃውመው ነበር። የችግር አፈታትን ገጽ አነበብንና እያንዳንዳችን በእውነት እንዴት እንደምናስተምረው ተናገርን። አምስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንዷ ረጅም ናት ብላ ግማሹን ትታዋለች። አንዱ በራሱ ታሪክ ተክቶታል፣ ታሪኩ ደስ ይላል፣ ግን እሱ ሲያወራ ተሳታፊው ችግሩን አይፈታም። የመተንፈሻ ልምምዱን ሰው ይስቃል ብለው ያስቀሩ ሦስት ነን፣ እኔ አንዷ። ማኑዋል እንደ ወጥ ነው፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንዱ ጨው ጣል ካደረገበት መጨረሻ ላይ አይበላም። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዓመታት ናቸው የሚሸረሽሩት። እኛ ደግሞ የሸረሸርነውን ነው ለአሰልጣኞች የምናወርሰው።

አንዳችን የሌላችን ስልጠና ላይ ገብተን ማየትም ጀምረናል፣ በዓመት ሁለቴ። ከባዱ ነገር መሄዱ አልነበረም፣ ያዩትን መናገሩ ነው። ይሉኝታ! ልጁ ሲስተር ስልጠና ላይ ገብቶ ሲመለስ «በጣም አስተማሪ ነበር» አለ፣ አበቃ። የእናቱ እኩያ ናቸው፣ ምን ይበል? ዘዴ ያገኘነው በኋላ ነው፦ አስተያየት አትስጥ፣ ቁጠር። አሰልጣኙ ስንት ደቂቃ ተናገረ፣ ሰልጣኞች ስንት ደቂቃ ተናገሩ። ከጥያቄ በኋላ ስንት ሰከንድ ጠበቀ። ስንት ሰው አፉን ሳይከፍት ዋለ። በሚቀጥለው ልጁ ወረቀቱን ለሲስተር ሰጣቸው፦ በአንድ የሐሳብ ማፍለቂያ ክፍል ከ10 ደቂቃ ውስጥ 7ቱን እሳቸው ተናግረዋል፣ ከጥያቄያቸው በኋላ የጠበቁት 2 ሰከንድ ነው። እኛ «በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ» ብለን ነው የምናስተምረው። ሲስተር ወረቀቱን ደጋግመው አዩትና «ሁለት? ሁለት ነው የጠበቅኩት?» አሉ። ልጁ ምንም አላላቸውም፣ ቁጥሩ ነው የተናገረው። ቁጥር አንቱ ብሎ ማክበር አያስፈልገውም።

ስለ ቴሌግራሙም ልናገር፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። ግሩፕ ከፈትን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የበዓል ካርድና የጧት ጸሎት ሞላው። ያ ባልከፋ። ከመካከላችን አንዱ፣ አንጋፋ አሰልጣኝ፣ «ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ቪዲዮ ለቀቀበት። ለጨዋታ ነው ይላል እስካሁን። አሁን ግሩፑ ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለቀጠሮ ማስታወሻ፣ እና በወሩ አጋማሽ «ዕቅድህ እንዴት ሆነ?» ለምትል አንዲት መልእክት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነን የምንላላካት። የሰልጣኝ ስምና ታሪክ እዚያ አይጻፍም። የእድር ቤቱ ውስጥ የተወራም በሩን አያልፍም፤ እኔም እዚህ የጻፍኩትን ለስምንቱም አንብቤላቸው፣ ያስወጡኝን አውጥቼ ነው።

ሌላ ትንንሽ ነገር፦ ስኳርና ቴምር ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። 10 ሰዓት ሲሆን ቁሙ፣ ወሬው ቢጣፍጥም፤ ከመካከላችሁ መድኃኒቱና ምግቡ በሰዓት የታሰረ ሰው አለ፣ አፍሮም አይነግራችሁም። በጾም ወቅት ማን እየጾመ እንደሆነ ሲከፈት ጠይቁ፣ ረመዳንም ያው ነው። መሪነቱን በየስድስት ወሩ ቀያይሩት። እኔ ሁለት ዓመት ያዝኩትና ሰው ሁሉ ወደኔ እያየ መናገር ለምዶ ነበር።

ጋሼ ሐኪማቸው ጋ ሄዱ ወይ ትሉ ይሆናል። ሄዱ፣ ሲስተር አብረዋቸው ሄደው። መርፌያቸው ተስተካከለ። ዘንድሮ ሁዳዴን ጠዋት እየበሉ ነው ያሳለፉት፣ የጾም ምግብ። ስልጠና ላይ የጾሙን ክፍል ሲያስተምሩ አሁን የራሳቸውን 48 ይናገራሉ፤ ባለፈው ገብቼ ቆጥሬያለሁ፣ ከዚያች ታሪክ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሳይናገር የዋለ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ቅዳሜ ዕቅድ ስናወጣ ተራዬ ደረሰ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ልሄድ፣ 25 ደቂቃ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ከሥራ መልስ። ስንት ትተማመኛለሽ አሉኝ። ዘጠኝ ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ስድስት አልኩ።

«ምኑ ነው ስድስት ያደረገው?» አሉ ጋሼ።

ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ጋ ነው የማድረው፣ ኮተቤ። አንድም ሐሙስ አላደርገውም፣ አውቀዋለሁ።

«እና ሐሙስ ምን ትሠራለች እዚህ?»

ሐሙስ ወጣች። ስምንት።